በሬ ያልገባበት ጫካ

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ፀሐይ ሳትወጣ ከጀልባው ማረፊያ ደረስሁ። ሻይ ሻጯ ገና ከሰሏን ታራግባለች፤ የሌሊቱ ዓሣ በየሳፋው ተዘርግቷል። የዘጌው አጎቴ መሪጌታ ሐዲስ ትናንት ደውለው፣ «የቡናችንን ጥላ ዛፎች ሊቆርጧቸው ቀይ ቀለም ቀቧቸው። ነገ ስብሰባ አለ፤ ነይልኝ» ብለውኛል። አንድ ባለሀብት ለሚሠራው ሎጅ የመኪና መንገድ ጫካውን ሰንጥቆ ሊያልፍ ነው።

ጀልባ ነጂው አድማሱ ነገሩን ሰምቷል። «እህቴ፣ ዕድገትን ማን ያቆማል? ዓለም ወደ ፊት ነው የሚሄድ» አለኝ።

«መኪና ሲገባማ አንተን ማን ይፈልግሃል?» አልሁት። ሞተሩን አስጮኸው።

ረፋድ፣ ዘጌ

ጠባቡ የእግር መንገድ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው መካከል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ምድር በሬ አይጠመድም፤ ማረሻ አይገባም። የአባቶች ቃል ኪዳን ነው፤ ሰዉም ዛፎቹን ጠብቆ፣ ዛፎቹ በሚሰጡት ኖሯል። ይህን ነው እንግዲህ ኋላ ቀርነት የሚሉን። ያናድደኛል! የራሳቸውን አገር ጫካ ጨርሰው አሁን ችግኝ የሚለምኑት እነሱው አይደሉም እንዴ?

ቀይ ከተቀቡት ዛፎች ሥር ተሰበሰብን። የባለሀብቱ ወኪል ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «ዕድገት የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

ሁሉም አወጣ። አጎቴም አወጡ። ክው አልሁ።

«እንግዲያው ተስማምተናል!»

መሪጌታ እጃቸውን ሳያወርዱ ተነሡ። «ልጄ፣ ዕድገትማ እንፈልጋለን። ሐኪም ይምጣልን። ወላድ የምታሻግር ጀልባ ትቁምልን። ዛፍ ቁረጡልን ያለ ግን ማን ነው?»

«ዓለም ጥሏችሁ ይሄዳል፣ አባቴ።»

«ይሂድ፤ በሰላም ይግባ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ «መጋዙ ነገ ጠዋት ይገባል» ብሎ ሄደ።

አመሻሽ

ወደ ቤቱ የሄደ የለም። ቀይ በተቀባው ዛፍ ሁሉ ሥር ሰው ግንዱን ተደግፎ ተቀምጧል። እኔም አንዱን ያዝሁ።

አድማሱ እየተነጫነጨ ሽቅብ መጣ። «የመጨረሻው ጀልባ ነው! አትሄጅም?»

ነገ ኮሌጅ የምፈትናቸው ተማሪዎች አሉብኝ። አለቃዬ ይቆጣል። ይቆጣ!

«አልሄድም» አልሁት።

ዛፎቹን አየ፤ ዞሮ ሐይቁን አየ። ከዚያ ቁልቁል ወረደ። የሞተሩን ድምፅ ስጠብቅ ቆየሁ፤ አልሰማሁም። ጀልባውን አስሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተመለሰ።

«እስቲ ጠጋ በይ» አለኝ።