ማሽኑ መልሶ አልጠራንም

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ የራሴ ባንክ ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር ከሌላ ባንክ ማሽን ፊት ቆምኩ። ካርዴን አስገብቼ፣ የሚስጥር ቁጥሬን ነክቼ፣ የምፈልገውን ያህል ጠየቅሁት። ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ለዚህ አገልግሎት ይህን ያህል ይቆረጣል፣ ይስማማሉ? የሚል። እኔ ደግሞ ጽሑፍ ካየሁ እስከ መጨረሻው ሳላነብ ንቅንቅ አልልም። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ ማንበብ እስከ ዛሬ ድረስ ነገ ሊከለከል የሚችል ነገር ይመስለኛል።

ከኋላዬ የቆመው ጎረምሳ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እናቴ፣ እስማማለሁ የሚለውን ይንኩትና እንለፍ» አለኝ።

«ካልተስማማሁስ?»

«ሁሉም ሰው እኮ ይስማማል።»

አልስማማም የሚለውን ነካሁት። ካርዴ ብቅ ከማለቱ ላፍ አድርጌ ያዝኩት፤ ለምን እንደዚያ እንደቸኮልኩ ልጁ አያውቅም። ከዚያ ዘወር አልኩና ቀስ ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ያ አረማመድ የራሴ አይደለም። የአክስቴ ነው፤ የተማርኩትም ሸማ ተራ ነው።

አክስቴ እትዬ ሩቂያ ሸማ ተራ ውስጥ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ከስልጤ ገጠር ያመጣችኝ ልጅ ሳለሁ ነው። እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲሮጡ እኔ ጋቢ አጥፌ እቆልል ነበር። የማታ ትምህርት የገባሁት በስንት ልመና፣ ልመናው አልሠራ ሲል ደግሞ በስንት ኩርፊያ ነው። በሚሊኒየሙ ሰሞን፣ የዕድሜ አቻዎቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ፣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ለሱቁ ሥራ ግን አልሆንኩም። ሰው ዋጋ ሲጠይቀኝ የመጨረሻውን ዋጋ መጀመሪያ እናገራለሁ። ገዢው አያምነኝም፤ ቀንሺ ይለኛል፤ የምቀንሰው የለኝም፤ ጥሎኝ ይሄዳል።

«ምን ነክቶሽ ነው?» ትለኛለች እትዬ ሩቂያ። «ሰውዬው ዋጋ ጠየቀሽ እንጂ መሐላ ጠየቀሽ?»

እሷ ራሷ ስትገዛ ማየት ግን ትምህርት ነበር። ሻጩ ዋጋ ይጠራል። እሷ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ትተወዋለች፣ አታጣጥለውም፣ አትሳደብም፣ ዝም ብላ ትወጣለች። «ዕቃውን እዚያው ትተሽ ውጪ» ትለኝ ነበር። «ቀስ ብለሽ፤ ጥሪው እንዲደርስሽ። ዞረሽ ግን እንዳታዪ። ካየሽ ፈልገሽዋል ማለት ነው። ሲጠሩሽም ቶሎ አትመለሺ፤ አንዴ ይድገሙት።» ሁልጊዜም ይጠሯታል።

የሒሳብ አስተማሪያችን ሚስ ሣራ የሕንድ አገር ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ለማስተማር መጥተው፣ በየክፍለ ሀገሩ ሲዘዋወሩ ኖረው፣ ባላቸውን እዚሁ ቀብረው ቀሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ መሳለሚያ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው፣ ማታ ማታ እኛን ያለ ደመወዝ ያስተምሩ ነበር። አማርኛቸው ፈጣን ነው፤ ግን እኔንም «ነጂማ፣ ና» ይሉኛል፣ ዘበኛውንም «ነይ» ይሉታል። ከበርበሬ ተራ በርበሬ ስገዛላቸው ጣታቸውን ነክረው ይቀምሱና «ይሄ በርበሬ ተኝቷል» ይላሉ። የሚሠሩት ምስር ግን የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል።

የሚኖሩት ለማስተማር የላካቸው የአገራቸው መንግሥት በሚከፍላቸው ጡረታ ነው። ጡረታው እዚያው አገራቸው ባንክ ይገባል፣ እሳቸው እዚህ በካርድ ያወጡታል። መከራቸው እዚህ ላይ ነበር። የሰፈራችን ማሽን ባንድ ጊዜ የሚሰጣቸው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይመላለሳሉ። በተመላለሱ ቁጥር እዚህ ይቆረጥባቸዋል፣ አገራቸው ያለው ባንክ ደግሞ የራሱን ይቆርጣል። ማሽኑ ካርዳቸውን ሲያይ አላፊ ጎብኚ ይመስሉታል። ምስር እየገዙ፣ ኪራይ እየከፈሉ፣ እንደኛው በመጋቢት ጭቃ እየተንሸራተቱ የሚኖሩ ሰው መሆናቸውን ማን ይንገረው?

አንድ ማታ ከክፍል ስንወጣ ሚስ ሣራ ጥላቸውን እየዘረጉ፣ «ነጂማ፣ አገር ያለው ልጄ ና እያለኝ ነው» አሉኝ። «ጡረታዬን መንገድ ላይ ይበሉታል። ኪራይ ጨመሩ። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።»

ፈተናችን ግንቦት ላይ ነው። ሌላ የሒሳብ አስተማሪ አልነበረንም፤ ከሳቸው በፊት የመጣው አንድ ወር ሳይሞላው ጠፍቷል። ሒሳብ ከወደቅሁ መሰናዶ አልገባም፤ መሰናዶ ካልገባሁ ጋቢ እያጠፍኩ ማርጀቴ ነው። ዕንባዬ መጣ። ከዕንባው በላይ ግን ንዴቱ ገረመኝ፤ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ለእትዬ ሩቂያ ነገርኳት። ጥለት ከጥለት እያስተያየች ሰማችኝ።

«ማሽኑ ስንት ነው የሚቆርጠው?»

ነገርኳት።

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ይላሉ? ተስማምተው ያወጣሉ።»

ጥለቱን አስቀመጠችው። «መጀመሪያ በጠራው ዋጋ? ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ኖራ?» ሱቋን ቆለፈች። ሳይመሽ ሱቅ ስትቆልፍ ለቅሶ ካልሆነ በቀር አይቻት አላውቅም።

ሚስ ሣራን ይዘን ሦስታችን ሄድን። ካፊያ ነበር። ተሸካሚዎቹ የጨርቅ ጥቅል ጭነው «ወግዱ፣ ወግዱ» እያሉ ያልፉናል፣ እኛ ግድግዳ እየታከክን ሳምቡሳ እንበላለን። ማሽኑ ጋ ስንደርስ ሚስ ሣራ ካርዳቸውን አስገቡ። ጽሑፉ ሲወጣ እኔ ከእንግሊዝኛው እየተረጎምኩ አነበብኩ። ትስማማላችሁ ወይ ይላል፣ አልኩ።

«አልስማማም በዪ» አለች እትዬ ሩቂያ።

ሚስ ሣራ አዩኝ። ከዚያ፣ እንደ ልጅ ፊታቸው በርቶ፣ አልስማማም የሚለውን ነኩት። ካርዱ ብቅ አለና ማሽኑ ቲክ ቲክ ማለት ጀመረ። እጃቸውን ሲዘረጉ እትዬ ሩቂያ ያዘቻቸው።

«ተዪው። ካነሳሽው አለቀልሽ። ኑ፣ እንሂድ።»

ሄድን። ቀስ ብለን፣ ሳንዞር። ትንሽ እንደሄድን የባንኩ ዘበኛ ከኋላ፣ «እትዬ! ኧረ እትዬ!» እያለ ተጣራ።

እትዬ ሩቂያ ክንዴን ጨመቀችው። «ይኸው ተጠራን። እንዳትዞሩ፤ አንዴ ይድገመው።»

ደገመው። ስንዞር ካርዱ የለም። ማሽኑ ውጦታል።

ዘበኛው ሳቁን መዋጥ አቃተው። «ማሽን እኮ ነው፣ እትዬ። ውስጡ ሰው የለም።»

«ሰው ከሌለ ዋጋውን የጠራው ማነው?» አለችው።

ዘበኛው እየሳቀ ወደ በሩ ተመለሰ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ጥያቄውን ሳገላብጠው አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሩቂያ መምጣት አልቻለችም። ፋሲካ ደርሶ ስለነበር ሸማ ተራ መተላለፊያ የለውም። «ዋጋውን የጠራውን ሰው ፈልጊ» ብላ ላከችኝ። «ከማሽን ጋር አትጨቃጨቂ።»

ከሚስ ሣራ ጋር ባንኩ ገብተን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲልኩን ቆይተው በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባን። ክራቫቱን ጠበቅ ያደረገ፣ ትሁት የሆነ ወጣት ነበር። ፓስፖርታቸውን አይቶ ካርዱን መለሰላቸው። «ማዳም፣ ሌላ ጊዜ ይጠንቀቁ» አላቸው። ሚስ ሣራ አፍረው ነበር፤ አመስግነው ተነሡ። እኔ አልተነሣሁም። 

«ይቅርታ» አልኩት፣ «ዋጋውን የጠራው ማነው?»

«የምኑን ዋጋ?»

«የማሽኑን።»

«እሱ ሲስተሙ ነው።»

«ሲስተሙን ማነጋገር ይቻላል?»

ፈገግ አለ። «እህት፣ እዚህ እኮ ሸማ ተራ አይደለም።»

«ሸማ ተራማ ቢሆን ዋጋ የጠራው ሰው ፊቴ ይቀመጥ ነበር።»

ድምፄን ራሴም አላወቅሁትም። ሚስ ሣራ ተመልሰው ተቀመጡ።

«እሳቸው አላፊ አይደሉም» አልኩት። «ባላቸው የተቀበሩት እዚህ ነው። የወሩን ባንድ ጊዜ ስጧቸው፣ አንዴ ቁረጡ።»

«በማሽኑ አይቻልም።»

«በማሽኑ አላልኩም። በሰው።»

ክራቫቱን ላላ አደረገ። ከዚያ፣ መስኮት ላይ ካርድ ተቀብለው ገንዘብ የሚከፍሉበት ትንሽ መሣሪያ እንዳለ፣ ግን ለድርጅት ደንበኞች እንደሚጠቀሙበት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ካወጡት ወረፋው እንደሚበዛ ነገረኝ። መመሪያ ነው አለኝ።

«መመሪያውን ያሳዩኝ፤ አነበዋለሁ።»

አላሳየኝም። ምናልባት አልነበረም፤ ምናልባትም አንብቦ የሚጠይቀው ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

ያኔ ተነሣሁ። የሸማ ተራ ሴቶች እቁብ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ በተራው ውስጥ ቁጥርን ሳይዛባ የምትጽፍ ሌላ ስላልነበረች። በየሰኞው የተሰበሰበውን ገንዘብ አስሬ እዚያው ባንክ የማስገባውም እኔ ነኝ። «እንግዲያው» አልኩት፣ «ሰኞ የተራውን እቁብ ይዤ የት እንደምሄድ አስብበታለሁ።»

ባንክ መቀየር በኔ ሥልጣን አልነበረም። አልዋሸሁም ግን። አስብበታለሁ ነው ያልኩት፤ ማሰብ የራሴ ነበር።

የሚስ ሣራን ካርድ ቦርሳቸው ውስጥ ራሴ ከተትኩና ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ። የባንኩ ወለል ከጭቃ የመጣ ጫማችንን ያንሸራትተው ነበር። ሚስ ሣራ በሹክሹክታ፣ «ነጂማ፣ ፍጠን» አሉኝ።

«ቀስ ይበሉ» አልኳቸው። «እንዳይዞሩ።»

መስኮቶቹን አለፍን። ወረፋውን አለፍን። ማንም አልጠራንም። ዘበኛው፣ ያው የትናንቱ፣ በሩን ከፈተልን። የውጪው ሁካታና የበርበሬው ሽታ ገባ። በቃ፣ ተሸነፍኩ አልኩ። በቃ፣ ሚስ ሣራ ይሄዳሉ፣ እኔም ወደ ጋቢዬ።

«እህት።»

እግሬ ሊዞር ነበር፤ ከለከልኩት። ዘበኛው ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ የትናንቱ ትዝ ብሎት ከንፈሩን ነክሷል።

«አንቺ እህት፣ ነይ እስቲ ተመለሺ።»

ደገመው። ዞርኩ፤ ሥራ አስኪያጁ የቢሮው በር ላይ ቆሟል።

ያን ቀን ሚስ ሣራ የወር ገንዘባቸውን ከመስኮት፣ ከሰው እጅ፣ ባንድ ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ወዲያም በየወሩ እንደዚያው። ነገሩን አጋንኜ ማውራት አልፈልግም፤ መቆረጡ አልቀረም፣ አገራቸው ያለው ባንክም ድርሻውን መውሰዱን አልተወም። መደጋገሙ ነው የቀረው። ለሚስ ሣራ ግን እሱ በቃቸው። ከፋሲካ በኋላም አልሄዱም። ግንቦት ላይ ከፈተናው አዳራሽ ስወጣ በር ላይ ጥላቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ እንዴት ነበር ሳይሆን፣ «የመጨረሻውን ጥያቄ አሳየኝ» ነው ያሉኝ። ልጃቸው መጥቶ የወሰዳቸው እኔ መሰናዶ ከገባሁ በኋላ ነው።

እትዬ ሩቂያ ከባንኩ በተመለስኩበት ዕለት ማታ፣ ገበያው ጋብ ሲል፣ «ስንት አስቀነስሽ?» አለችኝ።

«አላስቀነስኩም። አንዴ ብቻ እንዲቆርጡ ነው።»

አሰበችበት። «ለመጀመሪያ ገበያሽ ደህና ነው» አለችና ያልተቆጠረ የጋቢ ክምር ገፋ አደረገችልኝ።

እሷ ካረፈች ዓመታት ሆኑ። ማሽኖቹ በየጥጉ ናቸው፤ ስልኬም ሳይቀር ይስማማሉ ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ሳይጠይቀኝ የሚቆርጥበትም ቀን አለ። ሰው ከሌለ ዋጋውን የጠራው ማነው የሚለውን ጥያቄዋን ለብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። ይስቃሉ። አስቂኝ ሆኖ አላገኘሁትም። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠርቶታል።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ ማሽን ስርቅ ጎረምሳው፣ «እናቴ፣ ሌላውም ጋ እኮ ያው ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ማሽን እንደማይጠራኝም አውቃለሁ። ቀስ ብዬ የሄድኩት ግን ለማሽኑ ብዬ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ላለው ሰው ነው፣ ልጠራት ካለ እንድሰማው። ካርዴን በመዳፌ ጨብጬ መንገዱን ተሻገርኩ። አልዞርኩም።