በጥላ የሚደርቅ ቅጠል

ጎረቤቷ ስንቄ እስራኤል አገር፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ያለውን ሕንጻቸውን ደረጃ በወጣች በወረደች ቁጥር፣ ከዘቢደር በር ላይ የተቀመጠውን ቅጠል የተተከለበት ሸክላ እያየች ትጠይቃለች።

«አንቺ፣ ይኸ ቅጠል ምንድን ነው?»

«ጌጥ ነው» ትላለች ዘቢደር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትል ኖራለች።

ቅጠሉ ግን መድኃኒት ነው። አገር ቤት፣ ጎንደር ወገራ ሳሉ፣ ገላው በሽፍታ ያበጠ፣ ማስነጠስ አላስቀምጥ ያለው ሰው ሁሉ የአባቷን የይሄይስን ደጅ ይጠና ነበር። ይሄይስ ዘሩን ሲሰጣት «ለአንድ ልጅ ብቻ ንገሪ፤ አፍ ከበዛበት ይከሽፋል» አላት። በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ የሱዳንን በረሃ አሻገረችው። ልጆቿ ግን ኪኒን ሞልቶ ብለው አልፈለጉትም።

የፈለገችው የልጅ ልጇ ኖጋ ናት። ኖጋ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነች፤ ራሷም የወይራ አበባ በፈነዳ ቁጥር ስታስነጥስ ያደገች። ከሸክላው ቅጠል ወስዳ፣ አለርጂ ሲነሳ የሚያሳክከውን ነገር በሚረጩት ሴሎች ላይ ሞከረችው። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ምንም የለም።

«አንድ ሙከራ ብቻ ነው የቀረኝ፣ እምዬ» አለች ዓርብ ዕለት መጥታ። «ካልሆነ ወደ ሌላ ተክል እለፊ ተብያለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ ሠራሽው?»

«በምድጃ አደረቅሁት፤ ከዚያ አፈላሁት።»

ዘቢደር ፊቷን በመስኮቱ ወደሚታየው ባሕር አዞረች። ጥፋቱ ወዲያው ገብቷታል። ቅጠሉን ስትሰጣት አሠራሩን አልነገረቻትም ነበር። አሁን ብትነግራት ኖጋ ትጽፈዋለች፤ ዓለም ሁሉ ያነበዋል፤ የአባቷ ቃል ይፈርሳል። ባትነግራት ደግሞ ቅጠሉ የማይረባ ነው ተብሎ ይጻፋል። ዘቢደር ፊደል የቆጠረችው በስልሳ ዓመቷ ነው፤ የተጻፈ ነገር እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለች። አባቷ ውሸታም ተብሎ እንዲጻፍ አንጀቷ አልቻለም።

«እሳት አይወድም» አለች። «በጥላ አድርቂው። ውቀጪው። ከሥሩ ልጣጭ ጨምረሽ በቀዝቃዛ ውሃ አሳድሪው።»

«ማ ፒቶም!» አለች ኖጋ በዕብራይስጥ፣ እንዴት ተደርጎ ለማለት። «ይኸን ዛሬ ነው የሚነግሩኝ?»

«አንቺስ ማን አፍዪው አለሽ?»

ከወር በኋላ ኖጋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። «ሴሎቹ ተረጋጉ፣ እምዬ! ደጋግመን አየነው። ግን ገና በላብራቶሪ ሳህን ላይ ነው፤ በሰው ላይ ብዙ ይቀረዋል። እኔም ኪኒኔን አልተውኩም።»

«አባቴ በሰው ላይ ዕድሜውን ሙሉ አይቶታል» አለች ዘቢደር አንገቷን ቀና አድርጋ። «እናንተ ቀስ ብላችሁ ድረሱበት።»

«ቅጠሉን እስካሁን ቁጥር ሰባት ነው የምንለው። ስሙን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ዘቢደር እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አሳምራ በወረቀት ጻፈች። ያንኑ ስም በሌላ ወረቀት ደግማ ጽፋ ሸክላው ላይ ለጠፈችና፣ ጽሑፉን ወደ ደረጃው አዞረችው።

በማግስቱ ስንቄ ቆማ አነበበች። «የይሄይስ ቅጠል። ይሄይስ ደግሞ ማነው?»

«አባቴ ነው» አለች ዘቢደር። «ግቢና ልንገርሽ።»