ከግድግዳው ወዲያ የምታለቅሰው ሴት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ወልድያ ውስጥ ነው። እኔ እንዲህ ነገር የማብሰለስል ሰው አይደለሁም፤ ይኼኛው ግን እስከ ዛሬ ስላልገባኝ ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

ከባሌ ተለያይቼ ከመርሳ ከመጣሁ ወዲህ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ከተከራየሁት ክፍል አጠገብ፣ ከስስ የጭቃ ግድግዳ ወዲያ፣ ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣ ዝምተኛ ወጣት ይኖር ነበር። አመሻሽ ላይ ከቤቱ ለስለስ ያለ የፈረንጅ ሙዚቃ ይሰማል። ከሙዚቃው ጋር የሳህን ኳኳታና የሴት ሳቅ። ሚስቱን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ከቤት የማትወጣ ጭምት ትሆናለች አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቀንቼባታለሁ።

አንድ እሑድ አመሻሽ ሴትዮዋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት ቁጭ ብሎ አያዳምጥም። አከራያችንን እትዬ በላይነሽን ጠርቼ በሩን አንኳኳን።

«አንተ ልጅ፣ ሚስትህን ምን አድርገሃት ነው?» አሉት እትዬ በላይነሽ።

«ኧረ እኔ ሚስት የለኝም፣ እትዬ!»

ልቅሶው ግን ከኋላው ይሰማል። ምን አድርጓት ይሆን? እትዬ በላይነሽ ገፍተውት ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳህን፣ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ስፒከር። ሴት የለችም።

ስልኩን ነካ ሲያደርገው ልቅሶው ቆመ። ለካ አልበም ኖሯል። ስለ ባልና ሚስት ቤት፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ ብቻን ስለመቅረት የተዘፈነ ነው አለን። ሳህኑም፣ ሳቁም፣ ልቅሶውም አብሮ የተቀዳ ነው።

«ስከፍተው ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኛል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

እትዬ በላይነሽ ግን አልተዋጠላቸውም። «ይሁን እሺ። ታዲያ ይችን ልጅ ማን በድሏት ነው የምታለቅስ?»

ይቅርታ ጠይቀን ስንወጣ እኔን በር ላይ አስቀረኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አንቺም ቤት ማታ ማታ ልቅሶ ይሰማኛል። ፊልም ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ፊልም ነው» አልኩት።

ከወር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ለሌለች ሴት እንደዚያ የሮጥኩ ሰው፣ እኔኑ የሚጠይቀኝ ሲገኝ ለምን እንደዋሸሁ ግራ ይገባኛል። በራሴ እናደዳለሁ፤ ያችንም ሴት ጎረቤቴ የነበረች ይመስል እናፍቃታለሁ። አሁን ሲከፋኝ እንደ ድሮው ድምፄን አፍኜ አላለቅስም። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ክፍል ግን እስካሁን ተከራይ አላገኘም።