አየሩን ይዞ ያደረ ጎማ

በሠፈሩ «አሳዳሪው የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ትንሹም ትልቁም የሚያሳየው አንድ በር ነው። ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በሞተር ሳይክል ደብዳቤ ሲያደርስ ኖሯል። አሁን ደግሞ በቤቱ የኋላ በረንዳ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፎ የሞተር ጎማ ያወልቃል፣ ይገጥማል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ግን ሥራው ሳይሆን ግትርነቱ ነው። እሱ የገጠመው ጎማ ቤቱ መተላለፊያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ አንድ ሌሊት ካላደረ ከደጁ አይወጣም። ባለሞተሩ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢምል ቢገዘት፣ ወይ ፍንክች!

«የውስጡ ጎማ በማውለቂያ ብረት ተነክሶ እንደሆነ ዛሬ አይነግርህም» ይላል። «ጉዱ የሚወጣው ነገ ጠዋት በአውራ ጣትህ ስትጫነው ነው።»

ሚስቱ በዚህ ጉዳይ የራሷ አቋም አላት። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እናንተ ቤት ዘመድ ያድራል፣ እኛ ቤት ጎማ ያድራል» ትላለች። ወደ መኝታ ቤት ለመግባት ጎማ መሻገር ግድ ስለሆነ የጎማ ጥቁረት ያልነካው ቀሚስ የላትም። ያም ሆኖ የውስጡ ቀጭን ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪው፣ እንዳይጣበቅ የሚነሰነስበት የሕፃን ፓውደር ሲያልቅ ሳይነግራት ገዝታ የምትመጣው እሷው ናት።

ልጃቸው አንዲት ናት። በቅርቡ በእንስሳት ሕክምና ተመርቃ ሥራ አግኝታለች። የቀጠራት መሥሪያ ቤት ደንቡ አጭር ነው፤ የራሱ ሞተር ያለው ሐኪም ወደ ሩቅ መንደሮች ይመደባል፣ የሌለው ከተማ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ያገላብጣል። ሰኞ ጠዋት ሞተሯን ይዛ እንድትቀርብ ተነግሯታል። ልጅቱ የፈለገችው ደግሞ ላሞቹን እንጂ ወረቀቱን አይደለም።

ሞተር አለ። አባቷ በጉልምስናው የገዛው፣ ከእሷ በሁለት ዓመት የሚበልጥ ሞተር በረንዳው ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

«እሰጥሻለሁ» አላት ሐሙስ ዕለት። «ግን በዚያ መንገድ ላይ ጎሚስታ የለም፣ እኔም የለሁም። የኋላውን ጎማ ብቻሽን አውልቀሽ ብቻሽን ትገጥሚያለሽ። ከነገ ጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሌሊት አለሽ። በአንዱ እንኳ አየሩን ይዞ ካደረ ሞተሩ ያንቺ ነው። ካላደረ እዚሁ ትቀሪያለሽ።»

«ይኸው ነው? ጎማ ሲገጠም እያየሁ አይደል እንዴ ያደግኩት፣ አባዬ!»

«ማየትና መሥራት ለየቅል ናቸው።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰውየው ይህን ያለው ግማሹን ለልጁ ብሎ ነው። ግማሹን ግን ለራሱ ነው። ልጅቱ ከሄደች ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው አይቀርም። ቢሮው ደግሞ ለምሳ ወደ ቤት የሚያስመጣ ቅርብ ነው። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ለማንም አልተናገረም።

ዓርብ ከሰዓት ልጅቱ እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላው ላይ ተቀመጠች። የቫልቩን ክዳን ፈትታ አየሩን አስተነፈሰች፣ ጎማውን ረግጣ ከቸርኬው ጠርዝ አላቀቀች፣ በሁለት ብረት እያነሳች አወለቀችው። እስከዚህ ድረስ አንጀት የሚያርስ ሥራ ነበር። ስትመልሰው ግን የለመደባት ችኩልነት መጣ። የመጨረሻዋ ስንዝር አልገባም ብላ ስታስቸግራት ብረቱን በጥልቀት ሰክታ፣ ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። ጎማው ጧ ብሎ ገባ፤ ልጅቱም ወይፈን የጣለች ያህል ተኩራራች። አባት ሁሉንም አየ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎማው ተልፈስፍሶ ተገኘ። ከመነዳሪውን አውጥታ፣ ነፋ አድርጋ ሳፋ ውሃ ውስጥ ስትነክረው አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቀዳዳው ከብረቱ ጫፍ ጋር ልክክ ይላል።

«የፋብሪካው ጥፋት ነው» አለች።

«ፋብሪካው ነው ትናንት በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ብረት ሲገፋ የዋለው?» አለች እናት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ።»

ልጅቱ ለመኮሳተር ሞክራ አልቻለችም፤ ሦስቱም ሳቁ። ቀዳዳውን ለጥፋ እንደገና ገጠመች። በማግስቱ እሑድ ጎማው ግማሽ አየሩን ይዞ፣ ግማሹን ለቆ ተገኘ። አሁንም ብረቱ ነክሶታል። በዚህኛው ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ልጅቱ ሳፋው አጠገብ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።

«ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው፣ አባዬ?»

ዝም ቢል የሚወቅሰው የለም። ብቻሽን ብሏታል፣ እሷም ብቻዋን ናት። ፊቷን ሲያይ ግን አላስቻለውም፤ ተነስቶ አጠገቧ በርከክ አለ።

«ጉልበትሽን በብረቱ ላይ ነው የምትጨርሺው። ጎማውን ስትመልሺ ከቫልቩ ማዶ ጀምረሽ ቫልቩ ጋ ጨርሺ። የገባውን ወገን በጉልበትሽ ተጭነሽ ቸርኬው መሃል ያለው ጎድጓዳ ውስጥ አስገቢው። ያኔ የቀረው ወገን ራሱ ይላላልሻል። ከመነዳሪውንም ባዶውን አትክተቺው፤ ቅርጽ እንዲይዝ ትንሽ ንፊው። ብረቱ ሥራ ከበዛበት የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

ይህን ብሎ ተነሳና ወደ ውስጥ ገባ፤ እጁ እንዳይገባበት ፈርቶ ነው። ከመስኮቱ ግን አልራቀም። ልጅቱ አዲስ ከመነዳሪ ወስዳ ፓውደር ነሰነሰችበት፣ የጎማውን ጠርዝ ሳሙና ቀባች፣ በጉልበቷ ተጭና ዙሪያውን ቀስ እያለች መጣች። የመጨረሻዋ ስንዝር በሁለት አውራ ጣቷ ብቻ ተገፍታ ያለ ድምፅ ገባች። አባት በመስኮቱ በኩል ይህን አየ፤ ደስ አለው፣ ወዲያው ደግሞ ሆዱ ባባ። ይህ ጎማ እንደሚያድር በዚያች ቅጽበት አወቀ።

ሰኞ ማለዳ ማንም ሳይነሳ በባዶ እግሩ ወደ መተላለፊያው ወጣ። በአውራ ጣቱ ተጫነው። ድንጋይ ነው።

እዚያው ቆመ። ኪሱ ውስጥ የክብሪት እንጨት ነበር፤ ሲነሳ ለምን እንደያዘው ለራሱ አልጠየቀም። የቫልቩን ክዳን ፈትቶ መሃሉን በእንጨቱ ጫን ቢል፣ አንዴ ፍስስ ቢል ማን ያውቃል? ልጁ ቢሮ ትቀመጣለች፣ ለምሳ ትመጣለች፣ ይህ ቤት ይስቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳይከፍት ያደረሰ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጁ ጎማ ፊት ተንበረከከ። እንጨቱን አውጥቶ እጁን ወደ ቫልቩ ሰደደ።

ክዳኑ የለም።

ጎንበስ ብሎ ወለሉን ዳበሰ። ትናንት ልጅቱ አጥብቃ ስትከድነው በዓይኑ አይቷል።

«የምትፈልገው ይኼን ነው?»

ሚስቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ጋቢዋን ደርባ ቆማለች። መዳፏን ዘረጋች፤ ትንሿ ጥቁር ክዳን እዚያ ላይ አለች።

«ከአንተ ቀድሜ መጥቼ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ክዳኑን ፈታሁት። ቀጥሎ ያለውን ግን እጄ እንቢ አለኝ።»

 ሰውየው የክብሪት እንጨቱን ሰብሮ ኪሱ ከተተው።

«ለካ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሌባ ነው ያደረው» አላት።

እሷም መጥታ ከጎማው ወዲያ ማዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጃቸውን እንዳይቀሰቅሱ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሚስቱ ዓይኗን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገች። እሱም ክዳኑን ከመዳፏ ወስዶ በቦታው አጥብቆ ከደነው።

«ተነሺ!» ብሎ ተጣራ። «አድሯል!»

ልጅቱ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ እየሮጠች መጥታ ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ደግማም ተጫነችው። ከዚያ ወለሉ ላይ የተቀመጡትን ወላጆቿን ተራ በተራ በጥርጣሬ አየቻቸው።

«እውነቱን ንገሩኝ። አየር ጨምራችሁልኛል፣ አይደል?»

አባትየው እጁን ኪሱ ከትቶ የተሰበረውን እንጨት ዳበሰ።

«አልጨመርንም» አለች እናት፣ ባሏን አየት አድርጋ። «አልቀነስንምም።»