የውሻዋ ሰባት ቤት

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ እንግልውድ ከተማ የምንከባከባቸው ሽማግሌ በጉልምስናቸው ውሻ ሲያራቡ የኖሩ ናቸው። አሁን የቀረቻቸው አንዲት ጎልደን ሪትሪቨር የምትባል ዘር ውሻ ብቻ ናት። ቤተ ክርስቲያን በምሄድበት ቀን እንዳትነካኝ ቀሚሴን ሰብስቤ ነው የማልፋት። እሳቸው ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙኝም።

አንድ ጠዋት አጃቸውን እያበላኋቸው ስለ ዘሯ አጫወቱኝ። ድሮ ስኮትላንድ ውስጥ ጠመንጃው እየተሻሻለ ሲሄድ የተመታው ወፍ ራቅ ብሎ ሐይቅና ረግረግ ውስጥ ይወድቅ ጀመር። ዋኝቶ፣ ወፉን ሳይጨፈልቅ የሚያመጣ ውሻ ተፈለገ። አንድ ባላባት ቢጫ አዳኝ ውሻውን ዛሬ ዘሩ ከጠፋ፣ የውሃ ስፓንየል ከሚባል ዋናተኛ ውሻ ጋር አዳቀለ። ከዚያ አፉ የለዘበውን፣ ጠጉሩ የወርቅ መልክ ያለውን እየመረጡ፣ እርስ በርስም እያዳቀሉ ዘሩ ጸና።

"እርስ በርስ ማለት?"

"አያትን ከልጅ ልጅ፣ የአጎት ልጅን ከአጎት ልጅ።"

አማተብኩ። "እኛ አገር ሰባት ቤት ካልተራራቀ ጋብቻ የለም። ዘር ይቆጠራል" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"እኔም የውሻዬን ልቁጠርልሽ" ብለው እናቷን፣ የእናቷን እናት እያሉ እስከ ሰባት በቃላቸው ወጡት። "በይ አንቺ ደግሞ።"

ከራሴ ጀምሬ አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ጠራሁ። እዚያ ላይ ቆምኩ። "ሳህኑን ልጠበው" ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

በእሳቸው ፊት ማፈሬ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ልጄ የምታገባው ልጅ አያቱ የእኛው ወረዳ ሰው ናቸው። የልጁ ወገን ሽማግሌዎች ዝምድና እንዳይኖር ዘር ሊያስቆጥሩ እሑድ ኦሮራ ከተማ እኛ ቤት ሊመጡ ነው። የልጁን እናት "በእኛ በኩል አታስቢ፣ ጥርት አድርጌ እቆጥራለሁ" ያልኳትም እኔው ነኝ።

አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ከቅድመ አያቴ በላይ ማን ነበሩ?"

"አንቺ! ልጅ ልትድሪ ስትይ ነው ትዝ ያሉሽ? አባትሽ ሲቆጥር ጆሮሽ የት ነበር?" አንድ ስም ጨመሩልኝ። "የቀረውን የሚያውቁት አርፈዋል።"

ልጄ ሰምታ "ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ዲኤንኤ ቴስት እናደርጋለን። ምራቅ ብቻ ነው" አለችኝ።

"እንደ ውሻ?" ብዬ ጮኽኩባት።

እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ልቤ ከጸሎቱ የለም። ለማላውቃቸው አያቶቼ ደስ የሚል ስም ስመርጥ ራሴን አገኘሁት። ማን ያውቅብኛል? ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ሽማግሌዎቹ መጡ። "በሉ እናት፣ ቁጠሩልን።" አምስተኛው ላይ ደረስኩ።

"ከዚያስ?"

የመረጥኩት ስም ምላሴ ላይ ነበር።

"አላውቅም" አልኩ፣ ምንጣፉን እያየሁ።

"እንግዲህ እስኪጣራ እንቆይ" ብለው ተነሡ። የልጁ እናት ስትስመኝ ዓይኔን አላየችም። ልጄ ያልተነካውን ምግብ ወደ ኩሽና ትመልስ ጀመር። ላግዛት ብነሣ "አይ ጎት ኢት፣ ማሚ፣ ተዪው" አለችኝ።