ዝቅ ያለችዋ ድምፅ

በስቱዲዮው ሁሉም «እትዬ ኦርጋን» ይላታል። ሙዚቃ ያስተማራት የለም፤ የጣቶቿ መምህር ጆሮዋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ኪቦርድ ስትጫወት፣ በስተግራ ያለችውን ትንሽ መንኮራኩር በአውራ ጣቷ ገፋ እያደረገች፣ በሁለት ቁልፎች መካከል የተደበቀችውን ዝቅ ያለች ድምፅ ታወጣ ነበር። ዘፋኞች የሚፈልጓት ለዚያች ድምፅ ነው።

መንኮራኩሯ ስትሰበር፣ የስቱዲዮው ባለቤት የሆነው የእህቷ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ የድምፅ መፍጠሪያ ፕሮግራም ጭኖ፣ ከፊቱ አነስተኛ ኪቦርድ ሰክቶ ጠበቃት።

«አክስቴ፣ ይኼ ሺህ ድምፅ አለው። ያንን ሬሳ ቅበሪው።»

«ሬሳ ያልከው ነው ያሳደገህ። ለመሆኑ የኔን ድምፅ ያወጣል?»

ተጫወተላት። እንደ ተወለወለ መስታወት ያበራል፤ ዝቅ ያለችዋ ግን የለችም።

«ማን ይለየዋል?» አላት።

«እኔ!»

«ሐሙስ ቀረጻ አለ። እስከዚያ ካልለመድሽው ሌላ ሰው እጠራለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

በዚህ ዕድሜ ፊደል ልቁጠር? እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች። ደግሞም ጆሮ የሰጣት አምላክ ዓይኗን አልነሳትም፤ ተመስገን። መነጽሯን ጠርጋ ተቀመጠች። ሺዎቹን ድምፆች ዞር ብላም አላየቻቸው። ገጹን ሁሉ እየከፈተች፣ የነካችውን በደብተር እየጻፈች ሦስት ቀን ዋለች። ረቡዕ ከሰዓት፣ የኪቦርዱ አሥራ ሁለት ቁልፎች የድምፅ ከፍታ በቁጥር የተደረደረበት ገጽ ተገኘ። የአንዷን ቁጥር ጥቂት በጥቂት ቀነሰች። ያቺ ድምፅ መጣች!

ግን ሌላ ጣጣ ተከተለ። ድሮ መንኮራኩሯ በነበረችበት ቦታ፣ እዚህ ድምፅ መቀነሻ አለ። አውራ ጣቷ የለመደውን አይተውም፤ እዚያች ድምፅ ላይ በደረሰች ቁጥር ይገፋውና ሙዚቃው ጭጭ ይላል።

ሐሙስ የግራ አውራ ጣቷን ከጎረቤቱ ጣት ጋር በፕላስተር ጠፍራ መጣች።

«ምን ሆንሽ? ተቆረጥሽ?» አለ የእህቷ ልጅ።

«ጣቴን ጡረታ አስወጣሁት።»

ቀረጻው ተጀመረ። ዝቅ ያለችዋ ድምፅ ስትመጣ ዘፋኙ ዜማውን አቁሞ ዞረ።

«እትዬ፣ አሮጌው ኪቦርድ ተጠገነ እንዴ?»

እሷ የእህቷን ልጅ አየችው። «ማን ይለየዋል አላልክም?»

እሱ አንገቱን ሰበር አደረገ። «እሺ፣ ረትተሽኛል። አሁን ግን ከሺዎቹ አንዱን ጨምሪበት፤ ያምራል።»

«ሺዎቹ ላንተ ይሁኑ» አለች፣ ፕላስተሯን ጠበቅ እያደረገች። «እኔ ያስተማርኳት አንዷ ትበቃኛለች። በሉ፣ ከመጀመሪያው!»