ከሽምግልናው ያስወጣኝ ጥያቄ

ትናንት ከሰዓት... ካይሮ፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ፣ የሰው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን እበላ ነበር። ከበሩ ወዲያ የመመረቂያ ጽሑፌ የመጨረሻ ምዕራፍ እየተካሄደ ነው። እኔ ውጭ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እዚህ ካይሮ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው በግጭት አፈታትና ሰላም ግንባታ ነው። የማጠናው ደግሞ የኛ ሰዎች እዚህ ሲጣሉ ፖሊስ ጋ ሳይሄዱ በሽማግሌ እንዴት እንደሚታረቁ ነው። ሦስት ሽምግልና ቁጭ ብዬ ማየት ነበረብኝ፤ ሁለቱን አይቻለሁ። አማካሪዬ ሦስተኛውን እስከ እሁድ ካላመጣሁ ዘንድሮ እንደማልመረቅ ነግሮኛል። ስለዚህ ሰሞኑን እገሌና እገሌ ተጣሉ ሲባል ደስ ይለኝ ነበር... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የተጣሉት ብርቱካንና ዘሃራ ናቸው፤ አራት ዓመት አንድ ቤት የኖሩ ሴቶች። ብርቱካን ሄሊዮፖሊስ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ስትታመም ሁለት ሳምንት ተኪልኝ ብላ ዘሃራን ላከቻት። ተሽሏት ስትመለስ ማዳሟ «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ዘሃራን ለምጃታለሁ» አለቻት። ሥራው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንዷ ከኩሽና ስትወጣ ሌላዋ እየገባች ነው የሚያበስሉት። ለጥናት ከዚህ የተሻለ ፀብ ከየት ይመጣል?

ሽማግሌዎቹ ጋሽ ተፈራና ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ የተሰበሰብነውም እዚያው ሴቶቹ ቤት ነው። ሴቶቹ እንድቀመጥ ፈቅደው ቅጽ ፈርመውልኛል። ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የድምፅ መቅጃዬን አስተካክዬ ጠበቅኩ። ጋሽ ተፈራ ግን ከጸሎቱ በፊት ዙሪያውን አዩን። ከባለጉዳዮቹ ሌላ የማያናግረው ሰው ያለው ካለ አሁኑኑ ይናገር፣ ቂመኛ ከተቀመጠበት ዕርቅ አይወርድም አሉ። ሐጂ ኑሩ ማንም የለኝም አሉ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

የለም ማለት እችል ነበር። ግን ቆየሁ... ጋሽ ተፈራ ደግሞ ሰው ሲቆይ ምን እንደያዘው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«ማን ነው ልጄ?»

«ወንድሜ... ታላቄ። ስምንት ወር ሆነን።»

«እንግዲያው ደውይለት። ታርቀሽ ግቢ።»

ተከራከርኩ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፣ ታዛቢ ነኝ፣ አጥኚ ገለልተኛ ነው አልኩ። ሐጂ ኑሩ ተነስተው በሩን ከፈቱልኝና «ኸላስ፣ በቃ ልጄ፣ ደረጃው ላይ ኔትወርክ አለ» አሉኝ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ፣ ተመልሼ ወጣሁ። ስልኩን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ። ከውስጥ የብርቱካን ድምፅ ይሰማል፣ የምትለው ግን አይለይም። አንዲት ግብፃዊት ጎረቤት ቆሻሻ ልትጥል ብቅ ብላ በሩ ተቆልፎብሽ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን የሞተው የፈተናዬ ሰሞን ነበር። ወንድሜ ሰለሞን ፈተናዋን ትጨርስ ብሎ ዘመዱን ሁሉ ዝም አሰኘ። መርዶዬን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በነዚያ ሳምንታት ስደውል «አባዬ ተኝቷል» ይለኝ ነበር። እኔም ሲነሳ ሳምልኝ እለው ነበር። ከመርዶው ወዲህ ስልኩን አንስቼለት አላውቅም። ባገራችን ሰው መርዶ የሚደብቀው ለሐዘንተኛው አዝኖ መሆኑን አውቃለሁ። ስለ ይቅርታም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ። አላነሳሁለትም።

ደወልኩ። ወዲያው አነሳ። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩት... በመጨረሻ የት እንዳለሁና ማን እንዳስወጣኝ ነገርኩት። 

«ለትምህርትሽ ነዋ የደወልሽው።»

አዎ አልኩት።

«ግድ የለም። ታርቀናል በያቸውና ግቢ። ትምህርትሽ ይበልጣል።»

አሁንም የራሱን ዋጥ አድርጎ ስለኔ ወሰነልኝ። በሩን ላንኳኳ እጄን አንስቼ ነበር። ግን ንዴቴ መጣ።

«አልገባም። መጀመሪያ ንገረኝ... ያኔ ስደውልልህ የት ሆነህ ነበር የምታወራኝ?»

ነገረኝ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ በኋላም ቤት ውስጥ ሰው ስለሚያለቅስ፣ የኔን ቁጥር ባየ ቁጥር ሮጦ እየወጣ የጎረቤት መኪና ውስጥ ገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ነበር የሚያነሳው። አንድ ቀን ስለ አንዱ አስተማሪዬ ቀልጄ ስስቅ አብሮኝ ሳቀ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ከመኪናው መውጣት አቅቶት ሰዎች መጥተው አወጡት።

ይህን አላውቅም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እኔ ብቻ የተበደልኩ ይመስለኝ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ። ስለ አባዬ የመጨረሻ ቀኖች አንድ በአንድ ጠየቅኩት፣ አንድ በአንድ መለሰልኝ። እውነቱን ለመናገር ንዴቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ይቅርታም አልተባባልንም። ማታ መልሼ እደውላለሁ ብዬው ነው የዘጋሁት።

ስዘጋ ከወጣሁ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎኝ ነበር። በሩ ተከፈተና ብርቱካንና ዘሃራ ዓይናቸው አብጦ አብረው ወጡ፤ ለእራት ሽንኩርት ሊገዙ ነው። እንዴት ታረቁ? ሥራው ለማን ሆነ? አላውቅም። ዘሃራን ስጠይቃት እዚያ የተባለው እዚያው ይቅር ተብለን ምለናል አለችኝ፤ የፈረምንልሽን ቅጽም መልሽልን አሉኝ።

ጋሽ ተፈራ ከኋላቸው ወጥተው ዓይኔን አዩና ታረቅሽ ወይ አሉኝ። ጀምረናል አልኳቸው።

ነገ እሁድ ነው። እስካሁን ለአማካሪዬ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው... «ሦስተኛው ግጭት የአጥኚዋ የራሷ ስለነበር መረጃ መሰብሰብ አልተቻለም።»